እናቴ የሳለቻት ሴት

አዲስ በተቀባ በር አጠገብ ሳልፍ፣ በነጭ ጋዝ የቀጠነ የዘይት ቀለም ሽታ ድንገት ያውደኝና ሐዋሳ ያለው የልጅነት ቤታችን በረንዳ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ የሥዕል መምህር ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ፣ ከሐዋሳ አጠገብ ያለችውን የቱላ ልጅ፣ እናቴን አግብቶ እዚያው ቀረ። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ታፔላ የሚጽፈው ጋሽ ወርቁና ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ሰፈር ዓሣ አጥማጁ ሀሜሶ እየመጡ፣ ከአባቴ ጋር አንድ አቡጀዲ ወጥረው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ፣ አንዱ ያበላሸውን ሌላው እያቃና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውሉ ነበር።

እናቴ የአልጋ ልብስ ትጠልፍ ነበር እንጂ ከእነሱ ጋር አትቀመጥም ነበር። አንድ ቀን ግን ሻይ ይዛ መጥታ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና፣ «ዓሣ የምትበልት ሴት ቢላዋ እንዲህ አትይዝም» አለች። ጋሽ ወርቁ ሳቅ ብሎ የሚነድፉበትን ከሰል አቀበላት። ትሪውን መሬት አስቀምጣ፣ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ የሴትዮዋን እጅ እንደ አዲስ ሳለችው። ሀሜሶ ጠጋ ብሎ አየና፣ «እህቴ፣ ይቺማ የኛ ሰፈር ሴት ናት!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ሆኑ፤ ሻዩንም አባቴ ያፈላ ጀመር።

ነሐሴ ላይ ቀበሌው ለአብዮት በዓል ትልቅ ሥዕል አዘዛቸው። እነሱም የአሞራ ገደልን ዳርቻ ከነጀልባው ሳሉ፤ እናቴም መሀል ላይ ቆማ ሐይቁን አሻግራ የምታይ ሴት ሳለች። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን እንደ ታጠቀ መጣና ሥዕሉ ፊት ቆመ።

«በአብዮት በዓል ይቺ ሴት ምን ሆና ነው የምታዝነው? ማነው የሳላት?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ያሳስር ነበር። አባቴ «እኔ» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። አዝና አይደለም፤ የዘመተ ልጇን እየጠበቀች ነው። ልጁን የሚጠብቅ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል።»

የሊቀመንበሩ የበኩር ልጅ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎት እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰውዬው ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብሎ የሴትዮዋን ፊት አየ፤ እኔም የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ያዝኩ። በመጨረሻ «ጀልባው ላይ ቀይ ባንዲራ ጨምሩበት» አለና ወጣ።

መስከረም ጠብቶ ሥዕሉ አደባባይ ሲሰቀል፣ የዓሣ ገበያ ሴቶች ከሥሩ ተሰብስበው «እኔን ነው የሳሉት»፣ «የለም፣ እኔን ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። አላስቻለኝም፤ «የሳለቻት እናቴ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ እኔም በዚያች ደቂቃ ከሥዕሉ በላይ ረዝሜ የቆምኩ መሰለኝ። በበጋው ፀሐይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ረገፈ፤ አቡጀዲውም የት እንደ ገባ አልታወቀም። እነሱ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት አብረው ሳሉ።

ያኔ ትምህርት ቤት የእናቴን ሥራ ስጠየቅ፣ እሷ እንዳስጠናችኝ «የቤት እመቤት» ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ሥዕል የሚማሩ ልጃገረዶች ሸራቸውን በብብታቸው ይዘው ያልፋሉ፤ ማንም ገርሞት ዞር ብሎ አያያቸውም። እናቴ አርጅታለች፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። ምን ትሠራ እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ግን፣ እሷ እያፈረች ብትቆጣኝም፣ «ሠዓሊ ናት» እላለሁ።