ከምሳ በኋላ የሚያኮርፈው ቁልፍ

ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ቀኑን፣ አድራሻውንና "ጉዳዩ" የሚለውን መስመር እየደጋገሙ መጻፍ ሲሰለቸኝ፣ ኮንትሮል (Ctrl) እና ጂ (G) የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስጫን ሁሉንም በራሱ የሚጽፍልኝ ፕሮግራም አዘጋጀሁ።

ጠዋት ጠዋት ሰጥ ለጥ ብሎ ይታዘዘኛል። ከምሳ በኋላ ግን ብጫን ብጫን፣ ወይ ፍንክች! ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ። ሰደብኩትም። ሳምንት ሙሉ ደሜን አፈላው።

አጠገቤ የሚቀመጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ እናት ናቸው። መነጫነጬ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ "ልጄ፣ ጠዋት እኮ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ነው የምትጽፈው፤ ከሰዓት ደግሞ የአማርኛውን" አሉኝ።

በቃ፣ እሱ ነበር! ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ስቀይረው ያ ቁልፍ የአማርኛ ፊደል ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝኛዋን ጂ ይጠብቃል። በጂ ፈንታ ኤፍ ስምንት (F8) የሚለውን ቁልፍ መረጥኩ፤ እሱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ከሰዓትም ሠራ።

ደስታዬ ሲበዛ ፕሮግራሙን በእሳቸውም ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላቸው። "መጨረሻ ላይ 'ከሰላምታ ጋር' የሚለውንም ልጨምርልዎት?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"እሱን ተወው" አሉኝ። "ሰላምታ እንኳ በገዛ እጄ ልስጥ።"