የኒሴ ዓይንና ያልፈረምኩት ወረቀት

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ስቶክሆልም፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ሱዳን ያሳለፍኩትን ግማሹን ረስቻለሁ፤ እዚህ ስገባ የመረመሩኝን ሰዎች መልክም ረስቻለሁ። ያቺን አንዲት ቀን ግን እስከነ ሽታዋ አስታውሳታለሁ፤ ተዋርጄም ኮርቼም የዋልኩባት ቀን ስለሆነች።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። የስዊድኑን ለስደተኛ በሚሰጠው ትምህርት ቤት፣ የአማርኛውን ደግሞ ቆይቼ ከአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ተማርኩ። አላፍርበትም። የሚያፍር ካለ በልጅነቴ ያላስተማረኝ ይፈር።

ከዚያ በፊት ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣልኝን ደብዳቤ የሚያነቡልኝ ጎረቤታችን ብሪታ ነበሩ። ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እኔ ግን በአማርኛ ሳነሳቸው አንቱ ነው የምላቸው። ፖስታውን ይዤ ሳንኳኳ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ያነቡልኛል። ማንበብ አለመቻሌን ለአንድም ሰው ተናግረውብኝ አያውቁም። እግራቸው እምቢ ሲላቸው አረጋውያን መኖሪያ አስገቧቸው። እዚያ ደግሞ ውሻ ማኖር አይፈቀድም። ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሻቸውን ኒሴን እንድይዝላቸው።

ኒሴ ጥቁር፣ ጸጉሩ ጥቅልል ያለ፣ ከድመት ብዙም የማይበልጥ ውሻ ነው። ባለቤቴ ጽጌ ሥዕለ ማርያም ባለበት ቤት ውሻ አይገባም ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ከዚያ ሥዕሉ ያለበትን ክፍል እየዘጋች ዝም አለች። እኔም እሑድ እሑድ ኒሴን ይዤ ብሪታን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ኒሴ ብርሃን ደከም ባለ ቁጥር ከበሩ መቃን ጋር መጋጨት ጀመረ። ቀጥሎ ቀንም ደረጃ ላይ እየቆመ መንቀጥቀጥ አመጣ። የሰፈራችን የእንስሳት ሐኪም አይታው ከእኔ በላይ ነው አለችና ለእንስሳት ዓይን ሐኪም ጻፈችልኝ። እንዲህ ያለ ሐኪም መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ባደግኩበት አውራጃ ለሰው እንኳ አንድ የዓይን ሐኪም አልነበረም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ታደሰ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ የአገሬ ልጅ ሰው መሀል ጠራኝ።

«ውሻህን ዓይን ሐኪም ልትወስደው ነው አሉ። መነጽር ሊያዙለት ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ቄሱ ሲሰብኩ የምትተኛውን አንተን እንዲያይበት።»

ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስድስት ሳምንት ቀጠሮ ስጠብቅ ኒሴ ከቀን ወደ ቀን ሲብስበት እያየሁ ነበር። ሐኪሙ ያድነዋል ብዬ ልቤን ጥዬበት ነበር። ለብሪታም ሐኪም አግኝቼለታለሁ፣ አይስጉ ብያቸዋለሁ።

የቀጠሮው ቀን ሙሉ ልብስ ለበስኩ፣ ከረባትም አሰርኩ። ትልቅ ሐኪም ዘንድ ሲኬድ እንደዚያ ነው የማውቀው። ኒሴን ታቅፌ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያሉት ስዊድኖች የዝናብ ጃኬትና ቦቲ ነው ያደረጉት። ለሠርግ ለብሼ የተሳሳተ ቤት የገባሁ መሰልኩ።

ነርሷ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ አደረገችለት። ብሌኑ እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጭኔ ላይ ሆኖ ልቡ ሲመታ በሱሪዬ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ጨለማ ክፍል አስገቡን። ሐኪሙ ረዥም፣ ንጹሕ፣ የሚቸኩል ሰው ነው። የውሻውን ስም ጠየቀ፤ የኔን አልጠየቀም። ግንባሩ ላይ ባሰረው መብራት አንዱን ዓይን አየ፣ ሌላውን አየ። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

መብራቱን አበራና ማውራት ጀመረ። የዘር በሽታ ነው፣ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ነገር እየሞተ ነው፣ መድኃኒትም ቀዶ ጥገናም የለውም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጭራሽ አያይም አለ። እኔ በየመሀሉ «ያ፣ ያ» እላለሁ፤ በነሱ ቋንቋ አዎ፣ አዎ ማለት ነው። በኛ ወግ ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ፣ እሺ ይባላል፤ እየሰማሁ ነው ማለት ነው። ዝም ማለት ንቀት ነው። እኔም እሺታዬን ወደ ስዊድንኛ ገልብጬ ማለቴ ነበር።

እሱ ቀጠለ። ዕውር ውሻ ልዩ አያያዝ ይፈልጋል አለና የሰፈራችን ሐኪም የጻፈችውን ወረቀት አየት አደረገ። አንተ ሦስተኛ ፎቅ ነህ፣ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ነገር የተጻፈ መጽሐፍ አለ፣ ግን ለአንተ ከባድ ይሆናል። ባለህበት ሁኔታ ለውሻው የሚሻለው ማረፍ ነው አለኝ።

«ያ፣ ያ» አልኩት። ማረፍ ያለው ሶፋ ላይ መተኛት መስሎኝ አልነበረም፤ ምን እንዳለ ገብቶኛል። ግን ደንግጬ ነበር፤ አፌ በለመደው መንገድ ሄደ።

እጄን ጨብጦኝ ወጣ። ወዲያው ነርሷ አንድ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ትንሽ ብርድ ልብስ ይዛ ገባች። ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አድርጋ እዚህ ፈርም አለችኝ።

ወረቀቱን ወሰድኩ፣ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ የማነበው ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እመለስበታለሁ። ነርሷ ቆይታ ላንብብልህ ወይ አለችኝ። በክፋት አይደለም። አመሰገንኳትና ራሴ አነባለሁ አልኳት። በሩ ላይ ሌላ ውሻ የያዘች ሴትዮ ብቅ ብላ ተመለሰች። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ከረባቱ አነቀኝ፣ ኒሴ እግሬ ሥር ተኝቷል። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ። ባለቤቱ ተነግሮት፣ እንስሳው ዛሬ እንዲገደል ተስማምቷል ይላል።

እንደገና አነበብኩት። ያው ነው። የቀረውንም እስከ ግርጌው አነበብኩት።

ሐኪሙ ምን ያቆየዋል ብሎ ተመለሰ። «ተስማምተህ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«አልተስማማሁም። እየሰማሁህ ነበር።»

«ያ፣ ያ አልክ እኮ።»

«እኔ ባደግኩበት አገር ሰው ሲናገር እንደዚያ ነው የሚባለው። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ዓይኑን ያመዋል?»

«አይ፣ ሕመም የለውም።»

«ልቡስ? እግሩስ?»

«ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሞታል?»

ስለ ሕይወት ጥራት የሆነ ነገር ተናገረ። መጨረሻውን አልጠበቅኩም። ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ያን ከባድ ነው ያልከውን መጽሐፍ ስሙን ጻፍልኝ አልኩት። እሱ ሰዓቱን አየ። የጻፈችልኝ ነርሷ ናት፤ በትልልቁ፣ በግልጽ። በር ድረስም ሸኘችኝ።

ቤት ስገባ ጽጌ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «ግደለው አለኝ» አልኳት። ኒሴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየሩን ያሸታል። ያ ሁሉ ጊዜ በእጇ ነክታው አታውቅም። ትንሽ አየችውና «ሐኪሙ ማን ሆነና ነው ግደለው የሚል» አለች። ሄዳም መንገዱ ላይ የነበረውን ወንበር አነሳችለት።

መጽሐፉን ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አወጣሁት። የተዋስኩበትን ቀን ሦስት ጊዜ አሳድሼ በሁለት ወር ጨረስኩት። በዕድሜዬ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ዕውር ውሻ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። ደግሞ ግማሹን አውቀው ነበር። ዕቃ ከቦታው አታንቀሳቅስ ይላል፣ ደረጃው ይቆጠር ይላል፣ በድምፅ ምራው ይላል። እኔ ስንት ዓመት የጣቢያ ስም ማንበብ ሳልችል ፌርማታ እየቆጠርኩ ሥራ የሄድኩ፣ የማጽጃውን ጠርሙስ በቀለሙ፣ የማጸዳውን ቢሮ በበሩ እጀታ የለየሁ ሰው ነኝ። ሐኪሙ ያንን አልጠየቀኝም።

ኒሴን በአማርኛ አስተማርኩት። «ደረጃ» ስለው እግሩን ያነሳል፣ «አለቀ» ስለው ያወርዳል፣ «ቁም» ስለው መንገድ ዳር ይቆማል። የኛ ልጆች በአማርኛ ስትጠራቸው በስዊድንኛ ነው የሚመልሱልህ፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። ዓይኑ ጭራሽ ከጠፋ በኋላ ሦስቱንም ፎቅ ያለ ገመድ ይወርድ ነበር። ብሪታ ዘንድም ራሱ እየመራኝ ነው የሚገባው፤ አሽትቶ ወንበራቸውን ያገኝና አገጩን ጫማቸው ላይ ያሳርፋል። አያይም ስላቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ረዥም ሰዓት ጆሮውን እያሻሹ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት እሳቸው ሲያርፉ ኒሴ በሕይወት ነበር። ከሐኪሙ ቀን በኋላ አራት ዓመት ኖሮ፣ አርጅቶ፣ ጽጌ በሠራችለት ምንጣፍ ላይ ሞተ።

በዚያ ሐኪም እስከዛሬ ቂም አለኝ፤ አልዋሽም። ስድስት ሳምንት ጠብቄ፣ ለብሼ ሄጄ፣ ሦስት ደቂቃ ነው የሰጠኝ። ዓይኑን ባለማዳኑ አይደለም፤ ያንን ማንም አይችልም።

ኩራቴ ግን ከቂሜ ይበልጣል። ለውሻው ብቻም አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ በካምፕም፣ በድንበርም፣ በየቢሮውም ፈርም ያሉኝን ሁሉ ፈርሜአለሁ። ምን ብዬ እንደፈረምኩ ዛሬም አላውቅም። የዚያን ቀን ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት፤ አንብቤም እምቢ አልኩ።