የኒሻኑ ገበር

ኤቫልድ ብሪንክማን በሌምጎ ከተማ የወንድ ሙሉ ልብስ በመስፋት የታወቀ ሰው ነበር። ልቡ የሚኖረው ግን ከስፌት መኪናው ጀርባ በተደረደሩት ጠፍጣፋ መሳቢያዎች ውስጥ ነው። መሳቢያዎቹ በጥቁር ከፈይ ተለብጠዋል፤ በከፈዩ ላይ በየጎድጓዳው አንዳንድ ኒሻን ተኝቷል። የሌላ አገር ኒሻን ቢያመጡለት ቀና ብሎም አያይ። የሚፈልገው የሊፐን ብቻ ነው፤ ጎረምሳ በብስክሌት በአንድ ቀን ዳር እስከ ዳር የሚያቋርጣትን፣ ልዑሏ ከዙፋኑ ከወረደ ስድሳ ዓመት የሞላውን የዚያችን ትንሽ ግዛት ኒሻን። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ትልቁንማ ማንም ይሰበስበዋል ይላል።

ሚስቱ ኤልፍሪደ ነገሩን ከለመደችው ቆይታለች። የሊፐ ኒሻን ሁሉ ጽጌረዳ ተቀርጾበታልና ለጎረቤት ስታወራ፣ «የኔ ባል ሁለት ጊዜ ነው ያገባው፤ እኔን በቤተ ክርስቲያን፣ ጽጌረዳይቱን በመሳቢያ» ትላለች። ደግሞም እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላው ሰው የአትክልት ቦታውን ሲኮተኩት እሱ ዴትሞልት መዝገብ ቤት ተቀምጦ አሮጌ ወረቀት ያገላብጣል፤ ካልሆነም የማያውቃቸውን ሽማግሌዎች በር ያንኳኳል። የሚያንኳኳው ስለ አንዲት ኒሻን ነው። ትንሽ የብር ኒሻን ናት፤ ጽጌረዳዋ ላይ ሁለት ሰይፍ ተጠላልፎባታል። ልዑሉ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ለጥቂት ወታደሮች ብቻ የሰጣት ስለሆነች ከየትም አትገኝም። ኤቫልድ ግን አንድ አለችው።

የተሸለሙትን ወታደሮች ስም አንድ በአንድ ለቅሟል። የዚያኛው ከነኒሻኑ ተቀበረ፣ የዚህኛው ቀልጦ ማንኪያ ሆነ፣ የዚያ ደግሞ ሙዚየም ገባ እያለ የብዙዎቹን መጨረሻ አውቋል። የጥቂቶቹ ብቻ ቀረው፤ የገዛ መሳቢያው ውስጥ ያለችው የየትኛው እንደሆነች ግን ሊያውቅ አልቻለም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የከተማው ኒሻን ሰብሳቢዎች በመጠጥ ቤቱ ጓዳ ሲገናኙ፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ፕሎገር ይህችን ነገር አያልፋትም።

«እንዴት ነው ኤቫልድ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ይላል ቢራውን እያነሣ።

ኤቫልድም አብሮ ይስቃል። ሲስቅም ኒሻኗን እንዴት እንዳገኛት ለመቶኛ ጊዜ ያወጋቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው ልብስ አጥቶ አሮጌ ካፖርቱን እያስገለበጠ በሚለብስበት ዘመን፣ ከላገ ከተማ አንድ አንካሳ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ካፖርት ይዞ መጣ። ለእጅ ዋጋው ሦስት ኒሻኖች በአንድ ረድፍ የተሰፉበት ጨርቅ ሰጠው። ሁለቱ በየደረቱ ያለ፣ የትም የሚገኝ ዓይነት ነበር። ሦስተኛዋ ሰይፍ ያለባት ናት። የዚያን ጊዜ የሰብሳቢዎች ደንብ የታወቀ ነው፤ ብርቁን ታስቀራለህ፣ ተራውን ለልዋጭ ታወጣለህ። ኤቫልድ የክር መፍቻውን አንሥቶ ስፌቱን ተረተረው። ሁለቱን በዚያው ሳምንት በሌላ ለወጠ። ኒሻኖቹ የተሰፉበትን ገበር ከወለሉ ብጥስጣሽ ጋር ጠርጎ ምድጃ ውስጥ ከተተው።

«ስፌቱን ባያችሁት» ይል ነበር በመጨረሻ። «አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ። ሴትየዋ በእግሯ ነው የሰፋችው!»

ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ይሞላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀልድ ሳይሰለች ተናገራት።

አንድ የጸደይ ወር የሰብሳቢዎቹ ማኅበር በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ትርኢት አሳየ። የኤቫልድ ኒሻን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ ከሥሯም «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። ትርኢቱ ባለቀ በማግስቱ አንዲት ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት ወደ ሱቁ ገቡ። ሚና ሂልከር እንደሚባሉ ተናገሩና ከቦርሳቸው ፎቶግራፍ አወጡ።

በፎቶግራፉ ላይ አንድ ጢማም ሰው በእሑድ ልብሱ ከጡብ መተኮሻ ምድጃ ፊት ቆሟል። ደረቱ ላይ ሦስት ኒሻን አለ። ሰውየው አባታቸው ሲሞን ቡደ ነው። እንደ ብዙው የሊፐ ወንድ በጋ በጋውን ወደ ሰሜን እየሄደ ጡብ የሚሠራ፣ በረዶ ሲመጣ ለቤተሰቡ የሚመለስ ነበር።

ኤቫልድ በደስታ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሲሞን ቡደ የኒሻናቸው መጨረሻ ካልታወቀ ወታደሮች አንዱ ነበር። አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ፎቶግራፉን ተመለከተ፤ ሦስተኛዋ ሰይፍ ያለባት ናት። አባትዎ ሲሞቱ ለማን ሰጣችሁት ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ በረሀቡ ጊዜ ለላገው አንካሳ ነጋዴ ሰጠሁት አሉ። ነገሩ ያኔ አለቀለት። ሮጦ መሳቢያውን ሳበና ኒሻኗን በከፈይ ላይ አድርጎ ፊታቸው አኖረ፤ አንድ ቃል ሳያስጨርሳቸውም ስንት ዓመት ስማቸውን ሲፈልግ እንደኖረ ይተርክላቸው ጀመር።

ወይዘሮ ሂልከር ኒሻኗን በጣታቸው ገለበጧት። ጀርባዋ ባዶ ብር ነው።

«ገበሩስ?» አሉ።

«የምን ገበር?»

«ኋላው ላይ የነበረው ጨርቅ። እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው፣ አቶ ብሪንክማን።»

ከዚያም ረጋ ብለው ነገሩት። አባታቸው በጦር ሜዳ ሳለ ታናሽ ወንድማቸው ጉስታቭ ተወለደ። ሕዝቡ ለከብት የሚዘራውን ሥር እየቀቀለ በበላበት በዚያ በክፉው የበረዶ ወራት፣ የእናታቸው ጡት ደርቆ ልጁ ሞተ። አባትየው አንድ ቀን እንኳን አላየውም። በሰላም ሲመለስ እናታቸው የሕፃኑን ሸሚዝ ቆርጣ ሦስቱን ኒሻኖች በላዩ ሰፋችለት፤ ሸሚዙ በአባትየው ደረት በኩል እንዲውል ነው። እናታቸው ልብስ መስፋት አትችልም ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መኪና ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ወስዶባታል። ግን ለሌላ ሰው አላሰፋም ብላ አንድ እሑድ ሙሉ ስትወጋና ስትደማ ዋለች።

«መቃብሩስ?» አለ ኤቫልድ።

«መቃብሩማ የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ድንጋዩ ተነሣ፤ አሁን ሌላ ሰው ነው የተኛበት። ፎቶግራፍ የለውም። ያ ጨርቅ ነው የቀረው። አንድ ጊዜ ዳሰስ ባደርገው ብዬ ነው።»

ኤቫልድ ኒሻኗን ወደ ከፈዩ መለሳት። ልፈልገው፣ ሐሙስ ይመለሱ አላቸው። ይህ የፈሪ ቃል ነው፤ እንደማይገኝ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠ። ያረጀ ነጭ በፍታ ከዕቃ ቤት አወጣ፣ ሁለት ተራ ኒሻን ከመሳቢያው አወጣ፣ ሊሰፋ ጀመረ። ልብስ ሰፊ ነውና ማን ያውቅበታል? ነገር ግን እጁ እምቢ አለው፤ ጠማማ ልስፋ ሲል ስፌቱ ቀጥ እያለ ይወጣል። በመጨረሻ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጥፎ በክር አሰራቸው። እንደዚያ ሆኖ መርፌ መያዝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባው። መርፌው ይወድቃል፣ ያነሣዋል፤ ጣቱን ይወጋዋል፣ ይጠባዋል። ቀኑ ሊመሽ ደርሶ የአንዲቱን ኒሻን ሪባን እንኳን አልጨረሰም።

ኤልፍሪደ ገብታ አየችው። ምን እንደሚሠራ አልዋሻትም።

«ማንን ልታታልል ነው?» አለችው። «አሮጊቷን ነው ወይስ የሞተውን ሕፃን?»

ኤቫልድ መርፌውን አስቀመጠ። ያች በእግሯ ሰፋች ብሎ ሠላሳ ዓመት ያሳቀባት ሴት ፊቱ ተደቅናበት ነበር። አፈረ፤ አንገቱን ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ የሰፋውን ተረተረ።

ሐሙስ ወይዘሮ ሂልከር ለድካሙ ብለው በፎጣ የተጠቀለለ ፒከርት ይዘው መጡ፤ ዘቢብ የገባበት የድንች ቂጣ ነው፣ ገና ትኩስ ነበር። ኤቫልድ ወንበር ሰጣቸው እንጂ እሱ አልተቀመጠም።

«ወይዘሮ ሂልከር፣ ገበሩን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለ። «ኒሻኗን ፈትቼ ስጨርስ ከብጥስጣሽ ጋር ምድጃ ጨመርኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

 ሴትየዋ ፎጣውን በጠረጴዛው ላይ ወዲህና ወዲያ አስተካከሉት።

«እኔም ለአንድ ጣሳ የአሳማ ስብ ነው የሰጠሁት» አሉ በመጨረሻ። «የራሴ ልጅ ርቦት ነበር። ነገ መልሼ እወስደዋለሁ አልኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስለዚህ እርስዎን መቆጣት አልችልም። ብችል ደስ ይለኝ ነበር።»

ኤቫልድ ኒሻኗን አንሥቶ፣ ቢያንስ ይህችን ይውሰዱ፣ የአባትዎ ናት ብሎ ዘረጋላቸው። እጁን በቀስታ መለሱት።

«ይቺ የልዑሉ ናት፤ እርስዎ ያኑሯት። የእኛስ ከኋላዋ የነበረው ነው።» ቦርሳቸውን አነሡና ተነሡ። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በእናቴ ጊዜ ነጭ ነበር። እርስዎ ሲፈቱት ነጭ ነበር ወይስ ቢጫ ሆኖ ነበር?»

ኤቫልድ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን ሁሉንም አስታወሰ። የአንካሳውን ካፖርት፣ የመፍቻውን እጀታ፣ ከኒሻኗ ግራ ሰይፍ ላይ ያለችውን ጭረት፣ በጠርዟ ላይ የተመታውን የሠሪውን ምልክት አስታወሰ። ጨርቁን ፈለገው። ስፌቱ መጣለት፤ የሳቀበት ስፌት ነውና። ጨርቁ ግን የለም።

«አላየሁትም» አለ።

ወይዘሮ ሂልከር ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ፒከርቱ ከነፎጣው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኤቫልድ በኒሻኗ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንሥቶ «ሲሞን ቡደ፣ ጡብ ሠሪ» ብሎ ጻፈ። ያን ያህል ዓመት የለፋለት ስም ነው፤ ሲጽፈው ግን ምንም ደስታ አልተሰማው። በመጠጥ ቤቱ ፕሎገር ያችን ቀልድ ንገረን ቢለው፣ ሴትየዋ ሁለት ጣት አልነበራትም አለና ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። ያልተፈታ ረድፍ ያገኘ ሰብሳቢ ሁሉ፣ አትንካው፣ መጀመሪያ ገልብጠህ እይ የሚል ምክር ከእሱ ይሰማ ጀመር። በራሱ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ግን ሁሉም ተፈትተው ያለቁ ነበሩ።

በመጨረሻው ሕመሙ ኤልፍሪደ አልጋው አጠገብ ሹራብ እየሠራች ሳለ ድንገት ነቃ።

«ነጭ ነበር መሰለኝ» አላት።

እሷም አዎ፣ ነጭ ነበር ልትለው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ጣራውን እያየ ራሱን ወዘወዘ።

«አይ» አለ። «አላየሁትም።»

ወይዘሮ ሂልከር ከሞቱ ያኔ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።