«አንድም የለውም» ያልኩት ቁጥር

ጠዋት ደባርቅ ላይ መኪናዬን ሳስነሣ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስላደግሁ እኔም «የኔታ» ነው የምላቸው። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን እየወሰደው ስለነበር ያን ቀን ጎንደር ላይ የቀዶ ጥገና ተራ ደርሷቸዋል። ሐኪሙ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የደረሰ ደግሞ ለሌላ ወር ይተላለፋል።

«ከፊት አንድ ነገር ያፏጫል» አሉኝ።

«አርጅቶ ነው የኔታ፣ አይስሙት» አልኳቸው።

የመኪናን ብልሽት በቁጥር የሚያሳይ የኮድ ማንበቢያ ከገዛሁ ወዲህ በጆሮ መኪና የሚመረምር ሰው ያስቀኝ ነበር። ማንበቢያውን ከመሪው ሥር ሰካሁት፣ ስልኬ ላይ ፒ 0171 የሚል ቁጥር መጣ። ትርጉሙ፣ ሞተሩ ከሚስበው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ነው። ግን ለምን አነሰ? ስልኬን ብጎረጉር አንዱ ፓምፕ ይላል፣ አንዱ ሴንሰር ይላል፣ አንዱ ጭራሽ ሌላ ነገር ያወራል። ራሴን አዞረኝ።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«ነዳጅ አንሷል ይላል።»

«አንድም?»

እሳቸው አንድን ቃል ሲፈቱ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ነው፤ በአንድ ፍቺ አይረኩም።

«ይሄ መጽሐፍ አይደለም የኔታ፤ ማሽን ነው። አንድም የለውም» አልኩ፤ እንደ መበሳጨትም ብዬ።

ዳባት ስንደርስ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሁሉም የቀለለኝ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን አየር የሚለካው ሴንሰር ነበርና እዚያ ያገኘሁትን መካኒክ ሳላማክር «ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይርልኝ» አልኩት። ከሌላ መኪና የወጣ ፈልጎ እስኪያስገባ ሰዓቱ ነጎደ። ኮዱን ሳጠፋው መብራቷም ጠፋች፤ ደስ ብሎኝ መንገድ ጀመርኩ። ከከተማው ሳልወጣ ተመልሳ በራች። አሁንማ ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ሌላ ሴንሰር፣ ያው ቁጥር! አፍሬ ተመለስኩ።

የኔታ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው መካኒኩን «ልጄ፣ ያ ፉጨት እኮ አልተወም» አሉት።

መካኒኩ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ አዳመጠ። ከዚያ ከሥር ጣት የምታህል የተሰነጠቀች የላስቲክ ቱቦ አሳየኝ። ሞተሩ በስንጥቋ አየር እየሰረቀ ይስብ ነበር፤ ነዳጁ ያነሰው አየሩ ስለበዛበት ነው። የድሮው ሴንሰር የተናገረው እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ አስነቅዬ የጣልኩት። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ ቱቦዋን መልሶ ሰካት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

የኔታ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ሰዓት ሆነ?»

ጎንደር ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩ። ለሚቀጥለው ወር ተቀጠርን።

በቀጠሮው ሐኪሙ ሲያያቸው የቀኝ ዓይናቸው አብቅቶለት ነበር። ግራውን ሠራላቸው፤ በእሱ መንገድ ይለያሉ፣ ፊደል ግን አይለዩም። ሐኪሙን ለብቻው ጠብቄ «ቀኙን ያጠፋው ያ አንድ ወር ነው?» አልኩት። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። እስካሁን አላውቅም። አንዳንድ ቀን አይደለም እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን እህል አልበላ ይለኛል።

አሁን መጽሐፋቸውን ከሰዓት በኋላ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ስሳሳት በቃላቸው ያርሙኛል፣ ይስቁብኛልም። ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።