ትራፊኩ ሳይደርስ የቆመው ካብ

የመጀመሪያውን መንፈቅ ትምህርት ጨርሼ ለእረፍት ቤት የገባሁ ሰሞን፣ አባቴ ለጣሪያችን ቆርቆሮ አዝዞ ነበር። የጓሳ ሣር ክዳናችን አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን የሸጠልን ከተማ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው፤ በራሱ የጭነት መኪና ደጃችን ድረስ እንደሚያደርስልን ቃል ገብቶ ነበር፤ አደረሰም። ችግሩ የመጣው ዕቃው በሰላም ከወረደ በኋላ ነው።

ሾፌሩ መኪናውን ለማዞር ወደ ኋላ ሲመለስ ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። አባቴ «ቁም! ቁም!» እያለ ቢሮጥም አልሰማውም። የመኪናው ኋላ የበጎቹን ጋጣ ካብ ገፋው። ጭቃ የሌለበት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ ካብ ስለሆነ ከጥግ እስከ በሩ ድረስ ተንዶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹ በጎች በዚያ ሰዓት ግጦሽ ላይ ነበሩ፤ ለመውለድ የተቃረቡት ግን ሜዳ ስለማይወጡ ጋጣው ውስጥ ድርቆሽ ሲበሉ ነው ድንጋዩ የወረደባቸው። ሦስት እናት በጎች ሞቱ። ባርኮ የሚያርድ ሰው ሳይደርስላቸው ስለሞቱ ሥጋቸው እንኳ ለማንም አይሆንም።

ከሦስቱ የእኛ አንዷ ብቻ ነበረች። ሁለቱ ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን ለአባቴ በርቢ የሰጡት ናቸው። ርቢ ማለት እኛ እናረባለን፣ ግልገሉን እንካፈላለን፣ እናቲቱ ግን ምንጊዜም የሰጪዋ ናት። እሳቸው ከነዚያ ሁለት በጎች ሌላ ከብት የላቸውም። ለዚህ ነው አባቴ ድንጋዩን እያነሳ የበጎቹን ጆሮ ሲያይና የእሳቸውን ምልክት ሲያገኝ ፊቱ የተለወጠው።

ሾፌሩ ወርዶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «አባባ፣ ይማሩኝ። በማርያም አላየሁም።»

«አንተስ ደህና ነህ?» አለው አባቴ።

«እኔ ደህና ነኝ። መኪናው ኢንሹራንስ አለው፤ ካሳው አይቀርም። ትራፊክ መጥቶ ይይልን ብቻ።» ስልክ ደወለ፤ ትንሽ ተነጋገረና ወደ አባቴ ዞረ። «አሁን ብነሳ ይመሽብኛል፣ ጠዋት እመጣለሁ ይላል። እስከዚያ ምንም እንዳይነካ።»

አባቴ ወደ ፀሐይዋ አየ። «በጎቹስ የት ይደሩ?»

«እኔ እንጃ። ትራፊኩ ነው ያለው።»

«ትራፊኩ ጅብ አያውቅም?»

እኛ አገር ካቡ የፈረሰ ጋጣ አያድርም። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች ማንም ሳይለምናቸው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። እናቴ ጠላ አወጣች። ሾፌሩ መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያይ ነበር፤ ኋላ ጃኬቱን አውልቆ ትልልቁን ድንጋይ ያቀብል ጀመር። አንዱ ጎረቤታችን «አፍርሰህ ስትገነባማ ግንበኛ ሆነሃል!» ብሎ ሲያሾፍበት ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ያነሳሁት ካቡ እስከ ወገብ ከቆመ በኋላ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በጎቹ ገቡ። የሞቱትን ደግሞ ሽታቸው ጅብ እንዳይጠራብን ከመንደሩ አርቀን ገደል ጣልናቸው። ሾፌሩ እኛው ቤት አደረ።

ጠዋት ትራፊኩ በሞተር ሳይክል መጣ። ወጣት ነው፤ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዙሪያውን ቃኘ።

«የወደቀው የቱ ነው?»

«ይኸው» አለ አባቴ በኩራት ማለት ይቻላል፤ ካቡ ከበፊቱ አምሮ ነበር።

«ይሄማ ቆሟል።»

«አቁመነው ነዋ።»

«ምንም አትንኩ አላልኩም? በጎቹስ የታሉ?»

ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰድነው። ጅቦቹ ሥራቸውን ጨርሰው እዚህም እዚያም የሱፍ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። «አባት፣ በዚህ ፀጉር የስንት በግ እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ በምን ልወቅ?» አለ። እኔ ቶሎ ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሰው ካብ ሲክብ ነው። ሲወድቅ የለም።»

ያላየውን መጻፍ እንደማይችል ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ጎረቤታችን «ግዴለም፣ እኛው የካብነውን እኛው እንናደው፤ ከዚያ ይለካው» ሲል፣ «እኔ አልሰማሁም» ብሎ ወደ ሞተር ሳይክሉ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን።

«አዎ አባባ» አለ ሾፌሩ። «ምን ውሸት አለው? ወድቆ የለ? እኔው ራሴ አልካድኩም።»

ሰዎቹ ወደ ካቡ ተጠጉ። እኔም አባቴን እጁን ይዤ፣ «አባዬ፣ እሺ በል። በእውነት እኮ ወድቋል» አልኩት። ከቁልቁለቱ በታች ስላሉት ጎረቤታችን በጎች እያሰብኩ ነበር፤ ትክክል የሆንኩም መስሎኝ ነበር። አሁንም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ ካቡ ላይ እጁን አሳረፈ። «የትናንቱን መኪናው ጣለው። የዛሬውን የምጥለው እኔ ነኝ። ከዚያ መኪናው ነው የጣለው ብዬ በየትኛው እጄ ልፈርም?»

ሰዎቹ ከካቡ ራቅ አሉ። ትራፊኩ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ ሾፌሩም መኪናውን አዙሮ ተከተለው፤ በዚህኛው ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ።

በገበያ ቀን ከአባቴ ጋር ወደ መደብሩ ሄድን። ባለቤቱ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። መኪናው የእሱ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ ቅጥረኛው። «እኔ አልካድኩም፣ አባባ» አለ። «ኢንሹራንሱ ግን የትራፊክ ሪፖርት አምጣ ይላል። ሪፖርት የለዎትም።»

«ሾፌሩ አለልህ አይደል? ጠይቀው።»

«ሾፌሩማ ነግሮኛል። ካጠፋ ከደሞዙ ልቁረጥበት? ይበሉኝና ልቁረጥ።»

ሾፌሩ ከመጋዘኑ በር ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ አባቴ አላየም፤ ወደ መሬት ነው ያየው። አባቴ ዞሮ አየው።

«ከሱስ ይቅር» አለና ተነሳ።

ባለመደብሩ ሲሸኘን ሚስማር በላስቲክ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። እንቢ ማለት ነውር መስሎኝ ተቀበልኩና አመሰገንኩ። መንገድ ላይ አባቴ አየው። «ምንድን ነው?» «ጨመሩልን።» «መልሺው።» ሮጬ ተመልሼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩት እንኳ አላስታውስም።

ወደ ቤት ስንወጣ ነፋሱ ከፊት ይገፋን ነበር። ፍርድ ቤት እንክሰስ፣ ጎረቤቶቻችን ምስክር ይሆናሉ፣ ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ አልኩት። በትምህርት ቤት የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ «እስኪፈረድ ድረስ እታች ያሉት እትዬ ምን ይብሉ?» አለኝ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችንን አስጠራቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ገመድ በእጃቸው ይዘው መጡ። አባቴ የጋጣውን በር ከፈተ።

«እትዬ፣ የወደዱትን ሁለት ይምረጡ።»

«ምን እመርጣለሁ? የእኔዎቹ ሞተዋል» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ግን ገብተው የበጎቹን ጀርባ በእጃቸው እየጫኑ፣ ጥርሳቸውን እያዩ ዞሩ። ሁለቱን ምርጦቻችንን አወጡ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አንዷን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

አባቴ ተቻኩሎ፣ «እንግዲህ እዚሁ ይቆዩልዎት። እንደ ድሯችን በርቢ» አላቸው። ካሳውን ሲከፍል ያልተንቀጠቀጠ ድምፁ እዚህ ላይ ይለምን ነበር።

እሳቸው ገመዱን የበጎቹ አንገት ላይ እያሰሩ ነው የመለሱለት። «አይ ወንድሜ። አንተን አልወቅስህም፤ እግዜር ያውቃል። ግን የእኔ ደጅ መኪና አይደርስበትም። እዚያው ከእኔው ጋር ይደሩ።»

ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ከዚያ ቤት በግ በርቢ ያልገባበት ዓመት አልነበረም። በጎቹ መንገዱን ስለማያውቁት እየዞሩ ወደ ጋጣው ሊመለሱ ይታገሉ ነበር። አባቴ ዱላውን አንስቶ ከኋላ ከኋላ እየነዳላቸው እስከ ቁልቁለቱ ወረደ። እኔ ሌሎቹ ተከትለው እንዳይወጡ የጋጣውን በር በጀርባዬ ይዤ ቆምኩ።