የድንቡሼ አራስ ቤት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው መብራት ሲጠፋ ነበር። እንጅባራ ላይ ደግሞ መብራት ለመጥፋት ሰበብ አያጣም፤ ሲዘንብ ይጠፋል፣ ሲነፍስ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንዲያው ይጠፋል። ሌላው ሰው ሲያማርር እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል እናቴ ኩራዟን ትለኩሳለች፣ የከሰል ማንደጃው ወደ መሃል ይሳባል፣ አያቴ አባባ ቢምረው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፤ ያኔ ብርዱ በበሩ ስር እየገባ እግራችንን ሲቆነጥጠን፣ ወደ ፍሙ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ ቤቱ ጠቦ ሰው የበዛበት ይመስለኝ ነበር። አባቴ ለእህል ንግድ ጫግኒ ስለሚከርም እሳቱን የምንከበው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ሙያቸው ኮርቻ መሥራት ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የቆዳ ስፌቱን ትተው ከኮርቻው ስር የሚሆነውን ትራስ ብቻ ይሞሉ ጀመር፤ ለዚያ እጅ ይበቃል ይሉ ነበር። ተረት ሲነግሩንም እጃቸው ሥራ አይፈታም። ከጆንያው ጭብጥ ሳር ያወጣሉ፣ ያሸቱታል፣ ጉንጫቸው ላይ ሄድ መለስ ያደርጉታል፣ በመጨረሻም በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ ያደርጉታል። ቀጭ ብሎ ከተበጠሰ ወደ ትራሱ ይገባል። ተለጥጦ ጣታቸው ላይ ከተጠመጠመ ወደ እሳቱ ይወረወራል። የማይበጠስ ነገር ከላብ ጋር እየተጓጎለ የፈረሱን ጀርባ ይልጣል፤ ስለዚህ «የሰው ፈረስ እኔ በሞላሁት ትራስ እንዲቆስል አልፈልግም» ይሉ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው የአይጢትን ነበር። አይጢት መውለጃዋ ደርሶ ለአራስ ቤቷ የሚነጠፍ ፍለጋ ትወጣለች። መጀመሪያ ከመንገድ ዳር ደረቅ ሳር ታገኝና ሻካራ ነው ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ የበግ ጸጉር ታገኛለች፤ የዶሮ ላባ ታገኛለች፤ የሸረሪት ድር ታገኛለች። እያንዳንዱን ጫፉን ይዛ «ብስብህ ትለቀኛለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። አይጢት የምትናገረው በአዊኛ ስለነበር አባባ ጥያቄዋን አስቀድመው በአዊኛ ይሉታል፤ ከዚያ እኔን የከተማዋን ልጅ አየት አድርገው በአማርኛ ይደግሙልኛል። የተጠየቁት ሁሉ ስለ ልስላሴያቸው ያወራሉ እንጂ መልስ አይሰጧትም። በመጨረሻ ጥጥ ጋ ትደርሳለች። ጥጡ ነጭ ነው፣ ሙቅ ነው፤ አይጢትም መንገድ አድክሟት ነበርና መጠየቁን ረስታ እላዩ ላይ ጋደም ትላለች። እዚህ ላይ ስንደርስ እኔም ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አባባም እዚያው ላይ ያቆሙታል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ፤ ለእኔ ግን ያ ተረት የሚያልቀው አይጢት ጥጥ ላይ ስትተኛ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ተረቱም ቆመ። እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ ስም እንኳን ሳይወጣለት ሞተባት። የአራስ ገንፎ ይዘው ሊመጡ የነበሩት የጎረቤት ሴቶች ለልቅሶ መጡ። እናቴ ከዚያ በኋላ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ድንቿን ትለቅማለች፤ ግን አታለቅስም፣ አታወራም። ለሕፃኑ ጋቢ ልትፈትልለት ያዘጋጀችው ባዘቶ፣ ያ ተነድፎ ደመና የመሰለው ጥጥ፣ ከነፌስታሉ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዝርቷንም ከዚያው አኖረችው። መብራት ሲጠፋ ኩራዙን ትለኩስና «ደክሞኛል» ብላ ትገባለች፤ እኔና አባባ ፍሙን እናያለን። እናቴ በዚያው ከእኔ የራቀች ይመስለኝና እፈራ ነበር።

አክስቴ ስመኝ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣችው ይህን ሰምታ ይመስለኛል። ከሻንጣዋ ሌላ በነጠላ የተሸፈነ የሽቦ ቤት ይዛ ገባች። ነጠላውን ስትገልጠው አንዲት ቡናማ፣ ጉንጯ የተነፋ፣ ጭራዋ ከማጠሩ የተነሳ ተሠርታ ያላለቀች የምትመስል ፍጥረት ቁጭ ብላ ታየናለች።

«ሃምስተር ትባላለች፤ እዚያ ልጆች ያሳድጓታል» አለች አክስቴ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻትና «አይጥ ናት እኮ» አለች። ቀና ብላ ደግሞ «እኔ ከድንቼ ላይ አይጥ ሳባርር ከርሜ፣ አንቺ የመኪና ከፍለሽ ታመጪልኛለሽ?» ስትል አባባ ሳቃቸው አመለጣቸው። እናቴ አልሳቀችም፤ ግን ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

ድንቡሼ አልኳት። ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት መጣ፤ መንገድ ላይ «አይጥሽ እንዴት አደረች?» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። እናቴ ቤት ውስጥ አትገባም ስላለች በረንዳ ላይ አስቀመጥናት። ጥቂት እንደቆየች ሆዷ እየሰፋ ሄደ። ያገኘችውን ሁሉ ጉንጯ ውስጥ እየጠቀጠቀች ወደ አንድ ጥግ ታግዛለች፤ የወረቀት ቁራጭ፣ የገብስ ገለባ፣ ከጫማዬ ክር የቀነጠበችውን ሳይቀር። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ ለምኜ ሳመጣላት አባባ አሸተቱትና በኃይል አነጠሱ።

«ባሕር ዛፍ ነው። እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ አፍንጫዋ ምስር የምታህለዋ ምን ትሁን?» አሉና ወደ ውጭ ደፉት። ከዚያ ሽቦው ላይ አቀርቅረው ብዙ ቆዩ። «ይቺ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስትመጣም ጸንሳ ኖሯል። አራስ ቤቷን እየሠራች ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አራስ የሚለው ቃል ከዚያ ክረምት ወዲህ እኛ ቤት አልተነሳም። አባባም ካሉት በኋላ የደነገጡ መሰለኝ። እናቴ ግን የሽቦውን ቤት አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችና ብርድ በማይደርስበት ከቁምሳጥኑ ጎን አኖረችው።

አባባ በማግስቱ የወንድማቸው ተዝካር ስላለ ወደ አዘና ሄዱ። ያን ቀን ብርዱ ለጉድ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ከቁምሳጥኑ ላይ ፌስታሉን አወረደች። ባዘቶውን አወጣችው፤ በእጇ ይዛ ትንሽ ቆየች።

«አይጢትስ ያነጠፈችው ጥጥ አልነበር?» አለችኝ።

ለካ እሷም በልጅነቷ ያንኑ ተረት ከአባባ ሰምታለች። እኔም «አዎ፣ እላዩ ላይ ተኛች» አልኳት። ከባዘቶው ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች ሰጠቻት፤ ድንቡሼም በሁለት እጇ እየተቀበለች ጉንጯን ሞላች። በእናቴ ከንፈር ዳር ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ። ልቤ እንዴት እንደሞቀ አልረሳውም።

ብዙም ሳይቆይ ወለደች። ሲወለዱ ባቄላ የሚያክሉ፣ ጸጉር የሌላቸው፣ ቀይ ነገሮች ነበሩ። እናቴ «አራስ አይነካም፣ በሰው ዓይንም አይበዛበትም» ብላ ሽቦው ላይ ነጠላ ጣል አደረገችበት፤ እኔን ካጠገቡ ታባርራለች፣ እሷ ግን ከድንች ለቀማዋ እየተነሳች ጠርዙን ገልጣ ታያለች። እንዲህ እያልን ግልገሎቹ ጸጉር ማብቀል ሲጀምሩ አባባ ከአዘና ተመለሱ።

ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «ምን አነጠፋችሁላት?» አሉ። ነገርናቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው «እስቲ ግለጡት» አሉ። ድንቡሼን በገብስ ፍሬ ወደ ሌላው ጥግ አታለልናትና እናቴ ጎጆዋን ከፈተችው። ግልገሎቹ ተቆላልፈው ተኝተዋል። አንደኛዋ ግን ለብቻዋ ወጥታ ትጎተታለች፤ ያ ለስላሳ ጥጥ ሲረገጥና ሲላስ ከርሮ ክር ሆኗል፤ ክሩም የኋላ እግሯን አንቆ ይዞታል። እግሯ አብጦ ጠቁሯል።

እናቴ ወደ ኋላ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «የእኔ እጅ ነው። የነካሁት ሁሉ...»

አባባ መቀሷንና መርፌዋን ከሙዳዩ አውጥተው ዘረጉላት። «ዓይኔ አያይልኝም፤ የልጅቱ እጅ ደግሞ ገና አልጠናም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«አልችልም፣ አባባ። በእጄ ላይ ብትሞትስ? ይተዉኝ እባክዎ።»

«ብትሞትም ሰው ይዟት ትሞታለች» አሉ። «በይ እጅሽን መጀመሪያ ገለባው ላይ አሸት አሸት አድርጊው፤ እናቷ ሌላ ጠረን እንዳታሸትባት።»

ኩራዙን እኔ ያዝኩላት። ቀን ነበር፤ ግን የቁምሳጥኑ ጥግ ጨለማ ነው። እናቴ ያቺን ትንሽ ፍጥረት መዳፏ ላይ አድርጋ፣ በመርፌዋ ጫፍ ክሩን ከቆዳው ከፍ እያደረገች፣ በመቀሷ አፍ እየቆረጠች ትፈታ ጀመር። ድንቡሼ ገብሱን ትታ ሽቦውን ታነቃንቃለች፤ ያኔ ነው አራስ ነብር የሚሉትን ነገር በዚያች ጭብጥ በማትሞላ እንስሳ ያየሁት። የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ግልገሏ እግሯን ሰበሰበችና ሲጥ አለች።

እናቴ ወደ ቦታዋ መለሰቻትና መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አለቀሰች። ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። «ለሱ ነበር ያዘጋጀሁት፤ እንዲሞቀው ነበር» ትላለች እየደጋገመች። አባባ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን አሻሹላት። እኔ በሌላ ጎኗ ተወሸቅሁ። እያለቀሰችም ቢሆን እናቴ ተመልሳ እንደመጣች ገባኝ።

ጥጡን አንድ ሳናስቀር ለቅመን አወጣነው። አባባ ከትራሳቸው ሳር ሻጋታ እንዳይኖረው እያሸተቱ፣ የሚወጋ ጫፉን እየቀነጠሱ ሰጡኝ፤ እኔ ያልተጻፈበት ወረቀት በቀጫጭኑ ቀደድኩ። ድንቡሼ ወዲያው ማጋዝ ጀመረች። ያን ቀን ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ኩራዙን ለኩሳ ደክሞኛል አላለችም፤ ወንበሯን ወደ ፍሙ ሳበችና «አባባ፣ ያ ተረት እንዴት ነበር የሚያልቀው?» አለች።

«አንቺም እንደ ልጅሽ እንቅልፋም ነበርሽ። አንድ ቀን ጨርሳችሁ ሰምታችሁኝ አታውቁም» አሉ።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻውን ሰማን። አይጢት ልጆቿ ጥጡ ውስጥ እግራቸው ተይዞ ታገኛቸዋለች፤ በጥርሷ ቆርጣ ቆርጣ ታስለቅቃቸውና ወደ መንገድ ዳሩ ደረቅ ሳር ትመለሳለች። «ብስብህ ትለቀኛለህ?» ትለዋለች። ሳሩ እንደሌሎቹ ስለራሱ አላወራም። ሳበችው፤ ተበጠሰላት። ተረቱ እዚህ ላይ አለቀ። እናቴ ፍሙን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አድርጋ ተነሳችና እንዝርቷን አወረደች።

ግልገሎቹ አድገው የሚፈልጓቸው ልጆች ቤት ሄዱ። ያቺ እግሯን ያነከሰችው ግን እኛ ጋ ቀረች። ስም ያወጣችላት እናቴ ናት፤ ማስረሻ አለቻት። ሐዘን ባለፈበት ቤት ለሚወለድ ልጅ የሚወጣ ስም ለአይጥ ወጣ ብሎ ሰፈሩ ስቋል፤ አባባ ግን ማስረሻን አንድ ቀን እንኳን ሳያቆላምጡ ጠርተዋት አያውቁም። የሃምስተር እድሜ አጭር ነው፤ ድንቡሼና ማስረሻ ሁለቱም ከጓሯችን ቀርከሃ ስር ተቀበሩ። አባባም አሁን የሉም።

እኔ ግን የእሳቸው አመል ወጣልኝ። ለወዳጅ ልጅ ልብስ ልገዛ ስገባ፣ የአልጋ ጨርቅ ሳይ፣ ጫፉን ይዤ ሳብ ሳላደርግ አልወጣም፤ ባለሱቆቹ ምን እንደምፈትሽ አይገባቸውም። ለስላሳ መሆኑን ማንም በእጁ ሊያውቀው ይችላል። የሚለቅ መሆኑን ግን ካልሳቡት አያውቁትም።

ባለፈው ዓመት ዳንግላ ሥራ አግኝቼ ከእናቴ ቤት ወጣሁ። ዳንግላ ቅርብ ናት፤ እናቴ ግን ባሕር የምሻገር ይመስል እስከ መናኸሪያው ተከተለችኝ። ከዚያ ከተረፈው ባዘቶ ጀምራ ዓመት ሙሉ የፈተለችውን ጋቢ አልብሳኛለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ ሲጣራ የጋቢውን ጫፍ በጣቶቿ ላይ ጠምጥማ ይዛው ነበር። የያዘችው ሳይታወቃት ይመስለኛል።

«እማዬ» አልኳት፣ «ብስብሽ ትለቂኛለሽ?»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ ሞላ። ጋቢውን ቀስ ብዬ ሳብ አደረግሁት፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ።