የመሪጌታ ስቲሎና የሰማንያው ቀን ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ልጅ፣ እኔ ጉዳዬን ስናገር እሱ በእስክሪፕቶ ክዳን ጆሮውን ይጎረጉራል። ጎርጉሮ ሲበቃው የወጣለትን አየት አደረገ፣ በሱሪው ጠረገ፣ መልሶ ከደነና «አባባ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብሎ ዘረጋልኝ።

«አልነካውም» አልኩት።

«መጻፍ አይችሉም እንዴ?»

«እችላለሁ። ግን አልነካውም።»

አሻራዬን አትሜ ወጣሁ። ማይም መስዬው አዘነልኝ። ይዘንልኝ። እኔ በመጻፊያ ዕቃ የተቀፈፍኩት ቅፈፋ ለዕድሜ ልኬ ይበቃኛል።

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ግራሶ የምቀባ ጎረምሳ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋሁበትም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ የአንድ መሪጌታ ልጅ፣ እታፈራሁን፣ ወደድኩ። ሽማግሌ ላክሁ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ እሺ አሉና በጥር አንድ እሑድ ሰማንያ እንድናስር ቀጠሩን።

ከሥራ ባልደረባዬ ከሰይድና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወጣን። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ተነስተህ፣ ሸንኮራህን እየመጠጥክ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስትጨርስ ደሴ በብርድ ትቀበልሃለች። «ያለ ጋቢ ደሴ የሚወጣ ወይ ሙሽራ ነው ወይ ጅል» አለኝ ሰይድ። «አንተ ይመር፣ ሁለቱም ነህ።»

መሪጌታ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ወንድማቸው ከአስመራ ያመጣላቸው ስቲሎ ነበራቸው፤ ጭራው ሲዞር ውስጡ ያለ ፒስተን እንደ ሐኪም መርፌ ቀለም የሚስብ። የልጃቸው ሰማንያ በሌላ እንዲጻፍ አይፈልጉም። ሁላችን ተደርድረን እንደተቀመጥን ስቲሎውን ከሰገባው አወጡ። ቢያዞሩት አይዞር፣ ቢጭሩበት አይጽፍ።

አንዱ ሽማግሌ ከኪሱ እስክሪፕቶ መዘዘ። «በዚህ ይጻፍ፣ የኔታ።»

«በእስክሪፕቶ? የቀበሌ ራሽን ነው እንዴ የምጽፈው? ቀለም እንቢ ካለ ምልክት ነው። ሌላ ቀን ይሁን።»

ሌላ ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጥር ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ ጾም ይገባል፤ ሰውዬው ደግሞ እኔን በግድ ነው እሺ ያሉት። «እስቲ ልየው» አልኩ።

«አንተ ባለ ግራሶ፣ ይሄ ትራክተር አይደለም!»

ሰጡኝ ግን። ስለ ስቲሎ አላውቅም፤ የጠበቀን ነገር በጉልበት ካዞሩት እንደሚሰበር ግን ማንም ያውቃል። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አስመጥቼ አፉን ዘፈዘፍኩት። የፈላ ቢሆን ፕላስቲኩ ይጣመም ነበር። ቆይቼ ጭራውን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አደረግሁት። ላላ። ገፋሁት።

ምነው ባልገፋሁት! መጀመሪያ እንደ አተላ ያለ ጥቁር ውሃ ወጣ። ቀጥሎ እንደ ንፍጥ የሚለጠጥ ነገር። በመጨረሻ ቢጫ የረጋ ቅባት። ክርፋቱ ቤቱን ሞላው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ያ አላህ!» አለ ሰይድ። «ስቲሎ ነው የሞተ አይጥ?»

«አፍህን ያዝ! ዳዊት የሚጻፍበት ቀለም ነው፤ በእጄ የበጠበጥኩት!» አሉ መሪጌታ። ለካ ጥላሸትና የተቃጠለ ገብስ በቅጠል ውሃ ዘፍዝፈው፣ ወራት አቡክተው የሚሠሩትን የብራና ቀለም ነው ያጠጡት። ለመቃ ብዕር ደግ ነው። በዚያች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ግን ረግቶ ይበሰብሳል።

«ቀለሙስ ይሁን፣ የኔታ። ቅቤውን ማን ጨመረው?» አልኩ።

«የምን ቅቤ? ግራሶ የሚሸተው ያንተ እጅ ነው!»

ሁሉም ዞሮ እጄን አየ። ደሜ ፈላ። ብድግ ልል ስል ከጓዳ የእታፈራሁ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ አልዞር ሲልዎ ከፍልሰታ መፍቻው ቅቤ ወስደው ቀብተውት የለም እንዴ?»

ፍልሰታ በነሐሴ፤ ይሄ ጥር። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። መሪጌታ ስቲሎውን ከእጄ መንጭቀው በንዴት ሲጠመዝዙት የቀረው ቆሻሻ ፊጭ ብሎ ጣቶቻቸውን አለበሰው። በኩታቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት፤ ሄደላቸው አይባልም።

ሰይድ ፒያሳ ሮጦ የሱቅ ቀለም ገዝቶ እስኪመጣ ውሃ እየቀያየርኩ እስኪጠራ ድረስ አስመጠጥኩት፣ አስተፋሁት። ቅባት ምንም አላደረግሁበትም። ቀለሙን ሳበ። መሪጌታ ሰማንያውን ጻፉ፤ ጽሕፈታቸው ያምራል፣ አልክድም። እኛ ፈረምን፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። እሳቸው ግን ስቲሎውን አስቀመጡ።

«እኔ ከምሳ በኋላ።»

ዶሮ ወጥ ቀረበ። የእጅ ውሃ ሲመጣላቸው መለሱት። «የዳዊት ቀለም አያረክስም» አሉና በዚያው እጅ እንጀራ ቆረሱ፣ ወጥ አጠቀሱ፣ ትልቅ አድርገው ጠቀለሉ። ወደኔ ዞሩ።

«ቀለሜን ተጸየፍክ። እጄንም ተጸይፈህ እንደሆን አሁኑኑ ይለይ። እንካ።»

በጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነገር አለ። የሻገተው ቅቤ በበርበሬው ውስጥ አልፎ ይሸተኛል። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ዳር ተቀምጦ ዳቦ በማር የሚበላው ሰይድ ጆሮዬ ሥር «አብሽር፣ ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። «ወላሂ፣ ዛሬ እስላም በመሆኔ አላህን አመሰገንኩ።»

አፌን ከፈትኩ። ሳላኝክ ዋጥኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ግን አልመለስኩትም።

መሪጌታ አተኩረው አዩኝ። ተርፌያለሁ ስል «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

እሱንም ዋጥኩ። ከዚያ ፈረሙ።

ነፍሳቸውን ይማርና መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። ሰው ፍቅር ሁሉን ያጣፍጣል ሲል እሰማለሁ። ውሸት ነው። ፍቅር ያስውጣል እንጂ አያጣፍጥም። ትናንት ማታ ራት ላይ ይህንኑ አንስቼ ሳማርር እታፈራሁ ሰልችቷት ሳህኗን ገፋች።

«አንተ ሁለት ጉርሻ በልተህ ዕድሜህን ሙሉ ታወራለህ። እኔ እኮ በዚያ እጅ ነው ያደግሁት።»

እውነቷን ነው።

ቢሆንም ይቀፋል።